ሲደፋ ያላየሁትን ኬታሚን «አይቻለሁ» ብዬ ፈርሜያለሁ፤ አሁን ምን ላድርግ?

የማታ ተረኛ፦

በእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ በቴክኒሻንነት ስሠራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ደም እቀዳለሁ፣ ራጅ አነሳለሁ፣ ማደንዘዣ የተሰጠውን እንስሳ እከታተላለሁ። በሽታውን መለየት፣ መድኃኒት ማዘዝና ቀዶ ጥገና ማድረግ የሐኪሙ ሥራ ነው፤ ይህን ድንበር ተሻግሬ አላውቅም። ያስጨነቀኝ ከድንበሩ ወዲህ ያለው የራሴ ፊርማ ነው።

ባለፈው ወር 24 ኪሎ የምትመዝን ውሻ ጥርስ ሊነቀልላት ቀረበች። ሐኪሙ በኪሎ 5 ሚሊግራም ኬታሚን (ለሱስም ሊውል ስለሚችል እየተቆጠረ የሚመዘገብ ማደንዘዣ) ከዳያዜፓም (ማረጋጊያ) ጋር አዘዙ። ብልቃጡ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም የያዘ ስለሆነ ልኩ 1.2 ሚሊ ሊትር ነው። እርሳቸው ግን «ምናልባት ይጨመርላት ይሆናል» ብለው 2 ሚሊ ሊትር ቀዱ። ውሻዋን ወደ ማገገሚያው ወስጄ ስመለስ መዝገቡ ተከፍቶ ጠበቀኝ፦ «የተሰጠ 1.2፤ የተደፋ 0.8»። የተረፈው ሲደፋ ያየ ሰው የሚፈርምበት የምስክር ቦታ ባዶ ነው። ሲሪንጁ የለም። «እዚህ ጋ ፈርሚ» ብለው እስክሪብቶ አቀበሉኝ። ፈረምኩ።

እንዲህ ስፈርም ሦስተኛዬ ነበር። ሌባ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ የተንቀጠቀጠች ድመት እንዴት እንደምትያዝ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ለአራተኛ ጊዜ ሲጠሩኝ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ «ስልክ ልመልስ» ብዬ ወጣሁ። የጮኸ ስልክ አልነበረም።

ቀይ እስክሪብቶ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የቆዩትን ሦስት መስመሮች እንዳትነኪ። ብትፍቂያቸው ወይም በነጭ ቀለም ብትሸፍኛቸው እስካሁን ስሕተት የነበረው ማጭበርበር ይሆናል። መዝገብ የሚታረመው የቀድሞው ጽሑፍ እየተነበበ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ከጎኑ ቀንና ፊርማ ሲኖርበት ነው። ለአንቺ የሚሻለው በዛሬ ቀን «በእነዚህ ቀናት የፈረምኩት መድኃኒቱ ሲወገድ በዓይኔ ሳላይ ነው» ብሎ አዲስ ማስታወሻ መጻፍ ነው። እጅ ያንቀጠቅጣል፤ እኔም ጽፌ አውቃለሁ።

መጠኑንም አስቢበት። በመርፌውና በሲሪንጁ መገናኛ ላይ በተቀዳ ቁጥር እስከ 0.1 ሚሊ ሊትር ሊቀር ይችላል። እኔ በአንድ ወቅት ከብልቃጥ 0.6 ጎድሎብኝ እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ፤ በማግስቱ ስንቆጥረው ከዚያ ብልቃጥ ዘጠኝ ጊዜ ተቀድቶ ነበር። እንዲህ ያለው ጉድለት «ጉድለት» ተብሎ ከነምክንያቱ ይመዘገባል፤ ሒሳቡ እንዲገጥም ተብሎ ቁጥር አይስተካከልም። በአንድ ጊዜ የተደፋ 0.8 ግን የመርፌ ትራፊ አይደለም። 80 ሚሊግራም ነው።

የከብት ሐኪም፦

ከሌላው ወገን ልናገር። እኔም ስቸኩል ረዳቶቼን እንዲሁ አስፈርም ነበር፤ አንድ ጠብታ ወስጄ ግን አላውቅም። የተረፈውን መታጠቢያው ውስጥ ደፍቼ እሄዳለሁ (ይህም ራሱ ስሕተት ነው፤ ማንም መልሶ ሊጠቀምበት በማይችል ቁስ ውስጥ ነበር መወገድ የነበረበት)። አንድ ቀን አንዲት ቴክኒሻን «ዶክተር፣ እኔ የምፈርመው ላየሁት ነው፤ ሲሪንጁ ካለ አብረን እናስወግደው» አለችኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኳት። ዕድሜዬ ያኔ 46 ነበር።

በሦስተኛው ቀን ነገሩ ገባኝ፦ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ለንጽሕናዬ አንድም እውነተኛ ምስክር የለኝም። ስለዚህ ሰውየውን ሳትከሺ አሠራሩ ላይ ብቻ ተናገሪ። በተጨማሪም 2 ሚሊ ሊትር ለምን ይቀዳል? ጭማሪ ካስፈለገ ያን ጊዜ በሌላ ሲሪንጅ ይቀዳል፤ የሚደፋው ነገር ራሱ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ድካምና የመድኃኒት ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በአንድ ባልደረባዬ አይቻለሁ። የምንወደው ሁሉ እየፈረምንለት የሱስ ሕመሙ ሳይታወቅ ከረመ።

ሚዛን፦

ሁላችሁም ስለ ፊርማው ተጨነቃችሁ፤ ስለ ውሻዋ የጠየቀ የለም። «የተሰጠ 1.2» የሚለው እውነት መሆኑን በምን አወቅሽ? ሲወጋ አይተሻል? መዝገቡ ከዋሸ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያደነዝዛት ሰው ልኩን የሚወስነው በውሸት ላይ ተመሥርቶ ነው። በየአምስት ደቂቃው የልብ ምትና የደም ግፊት የምትሞይው ወረቀት አለሽ አይደል? የሦስቱንም አውጪና ከመድኃኒቱ መዝገብ ጋር አስተያዪ። ማንንም ከማነጋገርሽ በፊት።

ስለ ሕጉ፣ ኬታሚን በዓለም አቀፍ የመድኃኒት ቁጥጥር ስምምነቶች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ነው የሚይዘው። አሜሪካ በ1999 ከቁጥጥር መዝገቧ ሦስተኛ መደብ አስገባችው፤ ብሪታንያ በ2014 ደረጃውን ከፍ አደረገች። ስለዚህ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል ወይስ አንድ የሚለውን ከአገርሽ ደንብ አንብቢ፤ ከእኛ አትጠይቂ።

የሙያውን ድንበር በተመለከተ የዓለም እንስሳት ጤና ድርጅት የእኛን ዓይነቱን ሠራተኛ «በእንስሳት ሐኪም ኃላፊነትና አመራር ሥር» የተወሰኑ ተግባራት የሚያከናውን ሲል ይገልጸዋል። ብዙዎቻችን ይህን «ሐኪሙ ይጠየቅልኛል» ብለን እናነበዋለን። ለመርፌው ይሁን። ምስክርነት ግን በውክልና የሚሰጥ ሥራ አይደለም፤ ያየችው ዓይን የአንቺ ናት ወይም አይደለችም።

የማታ ተረኛ፦

ወረቀቶቹን አወጣሁ። የውሻዋ ይገጥማል፤ 1.2 ሲሰጣት አጠገቧ ነበርኩ። ሁለተኛው ጉድ ነው፦ በ15ኛው ደቂቃ «ተጨማሪ 0.3» ብዬ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። መዝገቡ ላይ ግን ጭማሪው የለም፤ የተረፈው በሙሉ «የተደፋ» ተብሏል። ከሥሩ ደግሞ የእኔ ፊርማ! ሳላነብ ነው የፈረምኩት ማለት ነው።

ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ ገባሁና «ዶክተር፣ ይህ አልገጠመልኝም» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ቆዩ። «ይህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አሉና የእርማት ማስታወሻውን በእጃቸው ጻፉ፤ እኔም የራሴን ጻፍኩ። ለሦስተኛው ግን እርሳቸውም ሆኑ እኔ ማስረጃ አላገኘንም። እንዳለ ጽፈን ለሥራ አስኪያጇ ሰጠናት። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንደምታሳውቅ ነግራናለች፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

ዛሬ ጠዋት ለአንዲት ድመት የሚበቃትን ብቻ ቀዱ። የተረፈው 0.1 ነበር። በስሜ ጠርተውኝ ሲሪንጁን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አሳዩኝና አብረን አስወገድነው። ተቀይመውኛል፤ ያስታውቃሉ።