የእንዶድ ካለሴ ይጠቁራል፣ አረፋም የለውም፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከደሴ ነኝ። የማስተርስ ጥናቴ የእንዶድ ቲሹ ካልቸር (ከተክል ቁራጭ ላብራቶሪ ውስጥ ሴል ማሳደግ) ነው። ሐሳቡ ፍሬ ሳይጠበቅ ሳፖኒኑን፣ ማለትም አረፋ የሚሰጠውን ውህድ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ካደገ ሴል ማውጣት ነው። ያው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ ሲገድል ያስተዋሉትን ማለቴ ነው።

ቅጠሉን ያመጣሁት ከሐይቅ አካባቢ ነው። ሚዲያው (ቁራጩ የሚያድግበት ምግብ) ኤምኤስ የሚባለው የተለመደው ቅምር፣ ስኳሩ በሊትር 30 ግራም፣ ፒኤቹ 5.8፣ ሆርሞኑ 2፣4-ዲ ከትንሽ ካይኔቲን ጋር።

የቅጠሉ ቁራጭ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ያብጣል። ከዚያ ፈዛዛ ቢጫ፣ ፍርፍር የሚል ካለስ (ቅርጽ ያልያዘ የሴል ክምር) ያወጣል። ሲያዩት ደስ ይላል። ብዙም ሳይቆይ ግን ከሥሩ ቡናማ ቀለም ወደ አጋሩ (ሚዲያውን ወዳረጋው ጄል) ይሰርጋል፣ ካለሱም ይጠቁራል። ከተቆረጠው ተክል የሚወጣው ፊኖል የተባለ ውህድ ኦክሲጅን አግኝቶ እንደሆነ ገብቶኛል። አስኮርቢክ አሲድ ጨምሬ ጨለማ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ትንሽ ተሻለው እንጂ አልዳነም። ከሰል ጨምር የሚሉኝ አሉ፤ ሆርሞኑንም አብሮ እንዳይመጥብኝ ፈራሁ።

የባሰው ሌላ ነው። የተረፈውን ካለስ አድርቄና ፈጭቼ በቱቦ ውሃ ውስጥ ስንጠው አረፋው ወዲያው እልም ይላል። የፍሬው ዱቄት ግን ነጠላ የሚያጥብ አረፋ ነው የሚሰጠው!

2፣4-ዲው ሳፖኒኑን አፍኖት ይሆን? ካለሱ ካደገ በኋላ 2፣4-ዲ ወደሌለበት ሚዲያ ላዛውረው? ወይስ ሳፖኒን እንዲያመርት በእርሾ ውህድ ላስቆጣው? ለማስቆጣት የሚያገለግለውን ሜቲል ጃስሞኔት እዚህ ማግኘት ጭንቅ ነው፣ እርሾ ግን ሞልቷል። ሳፖኒን ባለው ተክል ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ የተጠቀማችሁበትን መጠንና የጨመራችሁበትን ጊዜ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።