ቴስቶስትሮን በወንድ አንሶ፣ በሴት በዝቶ፦ ሁለቱም እንዴት ከሜታቦሊክ ሲንድረም ጋር ይያያዛሉ?

ነርስ_ዘጎንደር
ሰላም ለሁላችሁ። ቦርጭ፣ ግፊትና ስኳር የተደራረቡበት (ሜታቦሊክ ሲንድረም ያለበት) ወንድ ሲመረመር ቴስቶስትሮኑ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ያው ችግር ያለባት ሴት ደግሞ፣ በተለይ ፒሲኦኤስ (ከእንቁላል እጢ ጋር የተያያዘ የሆርሞን መዛባት) ካለባት፣ ከፍ ብሎባት ይመጣል። አንድ ሆርሞን እንዴት ተቃራኒ ይሆናል? ወንዱስ የቴስቶስትሮን መርፌ ቢሰጠው ይሻለዋል?

ውስጥ_ደዌ
መሃል ላይ ያለው ኢንሱሊን ነው። ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል ቆሽት አብዝቶ ያመነጫል። ጡንቻና ጉበት ስኳሩን በሚገባ ባይቆጣጠሩም ኦቫሪ (የእንቁላል እጢ) ግን ለኢንሱሊን መልስ መስጠቷን አታቆምም፤ ከኤልኤች (ከአንጎል ሥር ካለው ፒቱታሪ እጢ ወጥቶ ኦቫሪንና የዘር ፍሬን ከሚያዘው ሆርሞን) ጋር ተደርቦ ቴስቶስትሮን እንድታመርት ይገፋፋታል። በወንዱ በኩል ከምክንያቶቹ አንዱ ስብ ውስጥ ያለው አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ ቴስቶስትሮንን ወደ ኤስትሮጅን ይለውጣል፣ ይህም አንጎል ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያዳክማል።

ሁለቱም ጋ የሚወርደው ኤስኤችቢጂ ነው፤ ጉበት የሚሠራው፣ ቴስቶስትሮንን ተሸክሞ በደም ውስጥ የሚዞር ፕሮቲን። ጉበት ላይ ስብ ሲጠራቀም ምርቱ ይቀንሳል። ሴቷ ጋ ተሸካሚው ሲጎድል ነጻው ቴስቶስትሮን ይበዛል፤ የፊት ጸጉር፣ ብጉር፣ የወር አበባ መዛባት ይከተላል። ወንዱ ጋ ጠቅላላው ቁጥር ይወርዳል፣ ነጻው ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ጠቅላላውን ብቻ አይቶ «ሆርሞንህ አልቋል» ማለት ያለቦታው መርፌ ያስጀምራል።

ላብ_ሰው
ናሙናው ራሱ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። የወንድ ቴስቶስትሮን ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ በባዶ ሆድ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ይወሰድ። ከሰዓት በኋላ ወይም ቁርስ ተበልቶ ከተወሰደ ዝቅ ሊል ይችላል። ትኩሳት ያለበት ሰው እስኪድን ይቆይ። ለጸጉር ተብሎ የሚወሰድ ባዮቲንም አንዳንድ ማሽኖች ላይ ውጤቱን በሐሰት ከፍ ያደርጋል፤ መጠኑ ከፍተኛ ከሆነ ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት ይቁም።

መለኪያውንም እዩ። አውሮፓ የተሠራ ውጤት በናኖሞል በሊትር ስለሚመጣ በ28.8 አባዙት፤ 10.4 ማለት 300 ናኖግራም በዴሲሊትር ገደማ ነው። ሳይቀየር «10 ብቻ!» ተብሎ የሚደነገጥበት ጊዜ አለ።

የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ኤስኤችቢጂዋ ስለሚጨምር ውጤቷ አይታመንም። ካቆመች ከ3 ወር ገደማ በኋላ ትመርመር፤ እስከዚያው ሆርሞን የሌለው ሌላ መከላከያ ያስፈልጋታል።

ነርስ_ዘጎንደር
ከማረጥ በኋላስ?

ውስጥ_ደዌ
ኤስትሮጅን ሲወርድ ስቡ ከዳሌና ከጭን ወደ ሆድ ይዞራል፣ ኤልዲኤልም (መጥፎው ኮሌስትሮል) ይጨምራል። ሚዛኑ ሳይንቀሳቀስ ቀሚሱ ወገብ ላይ ይጠባል። ስለዚህ ሜትር ያዙ፦ በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ፣ በልብስ ላይ ሳይሆን። ለእኛ አካባቢ ሰው የአውሮፓውያኑ ልክ ነው የሚሠራበት፤ ለሴት 80፣ ለወንድ 94 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ። የወገቡ ልክ ከሜታቦሊክ ሲንድረም አምስት መለያዎች አንዱ ነው። ሌሎቹ አራቱ (ቅባቱና ስኳሩ በሚሊግራም በዴሲሊትር)፦ ትራይግሊሰራይድ (የደም ቅባት) ከ150 ጀምሮ፣ ኤችዲኤል (ጥሩው ኮሌስትሮል) ለወንድ ከ40 ለሴት ከ50 በታች፣ ግፊት ከ130 በ85 ጀምሮ፣ የባዶ ሆድ ስኳር ከ100 ጀምሮ። ከአምስቱ ሦስቱ ከተገኙ ሜታቦሊክ ሲንድረም ነው።

ሆርሞን_ክሊኒክ
ወደ መርፌው ልመለስ። በሁለቱም ጠዋት የተወሰደው ቴስቶስትሮን ዝቅ ካለ ኤልኤችና ፕሮላክቲን (ሌላው የፒቱታሪ ሆርሞን) ሳይታዩ አይጀመርም፤ ችግሩ ፒቱታሪ ላይ ሊሆን ይችላል። ልጅ የሚፈልግ ወንድ ደግሞ ጨርሶ አይወጋ፤ መርፌው የዘር ፍሬን ያስተኛል፣ የስፐርም ቁጥሩ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። ሄማቶክሪት (የቀይ ደም ሴል ድርሻ በደም ውስጥ) ከ54 በመቶ ካለፈ ይቆማል።

ከክብደት 5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ፒሲኦኤስ ያለባትን ሴት የወር አበባ ሊመልስ ይችላል። ወንዱ ጋ ቴስቶስትሮኑ የሚጨምረው በቀነሰው ልክ ስለሆነ ጥቂት ኪሎ ብዙ ለውጥ አያሳይም። ተኝቶ እያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነም መርፌው ሊያባብሰው ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እሱ «የለብኝም» ቢልም ሚስቱን ጠይቁ።