የአባባ ሬዲዮ ባልቦላ ቀልቷል፤ በኢኤል 84 ቦታ ዩኤል 84 ይሆናል? (ደሴ፣ አስቸኳይ)

የሸዋ በሯ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ። የአባባን ትልቁን የእንጨት ሬዲዮ ዛሬ ጠዋት አቧራውን ጠርጌ ከፈትኩት። መጀመሪያ ደህና ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ድምፁ ተንሻፈፈ፣ ከዚያ ህምምም የሚል ብቻ ቀረ። ከኋላው ብመለከት አንዷ ባልቦላ ቀልታለች። አጥፍቼ፣ ስትቀዘቅዝ ነቀልኳት። አባባ ዓይናቸውን ታክመው ነገ ከሰዓት ከአዲስ አበባ ይመለሳሉ። ሐኪሙ ለጊዜው ንባብ ከልክሏቸዋል። ያለ ሬዲዮ እንዴት ሊውሉ ነው? የነቀልኳት ላይ ኢኤል 84 ይላል። አጎቴ ዕቃ ቤት ውስጥ ዩኤል 84 አገኘልኝ። ቁጥሩ አንድ፣ እግሩም ያው ዘጠኝ። ልሰካው?

ኮምቦልቻ 220፦ ባልቦላ ከሆነ ቀላል ነው። ቆጣሪው ጋ ሄደሽ ወደ ላይ መልሺው። ከቀላ ግን መስመሩ ላልቷል፣ ኤሌክትሪሻን ጥሪ።

የሸዋ በሯ፦ ኧረ የቆጣሪው አይደለም! ሬዲዮው ውስጥ ያለችው ብርጭቆ ናት። አባባ ባልቦላ ነው የሚሏት።

አንቴናው፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ቃሉ የጣሊያን ቫልቮላ ነው። እነሱም ፊውዙንም የሬዲዮውን ቲዩብም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት፦ እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ በ1904 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ቫልቭ ሠራ። አሜሪካዊው ደ ፎረስት በ1906 መሃሉ ላይ ፍርግርግ አስገባበት። ክሩ ሲግል ካቶዱ ኤሌክትሮን ይለቃል፣ አኖዱ ይስበዋል። ፍርግርጉ ደግሞ እንደ ቧንቧ መክፈቻ ነው፣ ትንሽ ነካ ሲደረግ ብዙ ያፈስሳል ወይም ይዘጋል። ከዚያ በ1947 ትራንዚስተር መጣና...

የሮቢቱ፦ ጋሽ አንቴናው፣ ልጅቷ ሬዲዮ ነው የተበላሸባት፣ ፈተና የለባትም።

ሰኞ ገበያ፦ ኢኤል 84 ገዝተሽ ቀይሪው። አለቀ።

ኮምቦልቻ 220፦ እግሩ ከገባ ሰክታ ትሞክረው። ምን ይመጣል?

አንቴናው፦ ምንም አይመጣም። ድምፅም አይመጣም። ልናገር ስል ነው ያቋረጣችሁኝ። የመጀመሪያዋ ፊደል የምትናገረው ክሩ ምን እንደሚጠጣ ነው። ኢ ከሆነች 6.3 ቮልት ነው። ዩ ከሆነች ባልቦላዎቹ እንደ መቁጠሪያ በአንድ መስመር ተሰክተው 100 ሚሊአምፔር የሚያልፍባቸው ናቸው። ፒ እንደ ዩ ናት፣ ግን 300 ሚሊአምፔር፤ የቴሌቪዥን ናት። ዲ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በድንጋይ ለሚሠሩት፣ 1.4 ቮልት። ሁለተኛዋ ፊደል ኤል ለስፒከሩ ጉልበት የምትሰጠዋ ናት። ስለዚህ ዩኤል 84 እንድትግል 45 ቮልት ትፈልጋለች። አንቺ የምትሰጫት 6.3 ነው። በክብሪት ድስት እንደ ማፍላት ነው።

የሮቢቱ፦ ይኼን ቀድመህ ብትለን ኖሮ ፍሌሚንግም ይደሰት ነበር።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ ግን ለምን እንዲህ ትደክማላችሁ? ብሉቱዝ ስፒከር ግዢላቸው፣ ፍላሽ ሰክተሽ ስጪያቸው። ወይ የሬዲዮውን ሆድ አውጥተሽ አዲስ ካርድ አስገቢበት። መልኩ ያው ነው፣ አያውቁትም።

የሸዋ በሯ፦ ወንድሜ፣ አባባ ድምፁን ሰምተው ባልቦላዎቹ መሞቅ አለመሞቃቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው። አያውቁትም ትለኛለህ!

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ እንደምን ዋልሽ። ይህን ሥራ ብዙ ዘመን ሠርቼበታለሁ፣ እጄ ቢንቀጠቀጥም አፌ አይንቀጠቀጥም። ሁለት ነገር ንገሪኝ። አንደኛ፣ የቀላው ምኑ ነው? መሃል ላይ ያለው ክር ብርቱካናማ ሆኖ ከሆነ ጤና ነው፣ እንደዚያ ነው የሚሠራው። ዙሪያውን ያለው ግራጫ ቆርቆሮ ከቀላ ግን በሽታ ነው። ሁለተኛ፣ የሌሎቹን ባልቦላዎች ጽሑፍ ጻፊልኝ።

የሸዋ በሯ፦ ቆርቆሮው ነው ጋሼ። እንደ ከሰል። ሌሎቹ ኢሲኤች 81፣ ኢቢኤፍ 89፣ ኢኤቢሲ 80፣ ኢዜድ 80 ይላሉ። ከፊት አረንጓዴዋ ዓይንም አለች፣ ጽሑፏ ጠፍቷል። አቧራ ስጠርግ ያበላሸሁት እኔ ነኝ?

ጡረተኛው፦ አንቺ አይደለሽም። አብሽሪ። ሁሉም በኢ የጀመሩ ስለሆኑ ዩኤሏን ለአጎትሽ መልሺ። ጉዳዩ ግን ሌላ ነው፤ አዲስ ኢኤል 84 ብታገኚም ዝም ብለሽ እንዳትሰኪ። ይህች ባልቦላ በአኖዷ፣ ማለትም በዚያ ግራጫ ቆርቆሮ፣ 12 ዋት ብቻ ነው የምትችለው። ቆርቆሮው ከቀላ ከዚያ በላይ አሸክመዋታል ማለት ነው። የሚያሸክማት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትንሽ ካፓሲተር ነው፣ ከኢኤቢሲ 80 ድምፁን ተቀብሎ ወደ ኢኤል 84 2ኛ እግር፣ ማለትም ወደ ፍርግርጉ፣ የሚያደርሰው። ሥራው ድምፁን አሳልፎ ዲሲውን፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ፣ ማገድ ነው። የድሮዎቹ በሰምና በወረቀት የተሠሩ ናቸው። ሲያረጁ ያፈስሳሉ፣ ሲሞቁ ይብስባቸዋል። አሥር ደቂቃ ደህና ነበር ያልሽው ለዚህ ነው። ፍርግርጉ ላይ ፖዘቲቭ ሲደርስ አንቴናው ያለው ቧንቧ ተከፍቶ ይቀራል፣ መዝጊያ የለውም።

ሰኞ ገበያ፦ ኢኤል 84 ቀይሪው አልኩ እኮ።

ጡረተኛው፦ ሰማንህ ልጄ። ቀይራው በአሥር ደቂቃ ውስጥ እሷንም ታቃጥላት?

የሸዋ በሯ፦ ታዲያ በምን አውቃለሁ ጋሼ? አጎቴ ቴስተር አለው።

ጡረተኛው፦ አጎትሽ ይሥራው፣ አንቺ አጠገቡ ሁኚ። ኢኤል 84 እንደተነቀለች ትቆይ። ሬዲዮው ጠፍቶ፣ ከሶኬት ወጥቶ፣ ከሥሩ ይታይ። እግሮቹ ከሥር ሲታዩ ከሰፊው ክፍተት ጀምሮ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚቆጠሩት። ጥቁሩን የቴስተር ሽቦ በመያዣ ከሻሲው (ሁሉ ከተሰካበት የብረት መቀመጫ) ጋር ያስረው። ቴስተሩን በዲሲ ላይ ያድርግ። ከዚያ ይክፈተውና በአንድ እጁ ብቻ ቀዩን 2ኛ እግር ላይ ያስነካ። ሌላው እጅ ኪስ ውስጥ! እዚያ ውስጥ ከ250 ቮልት በላይ አለ፣ ባልቦላዋ ስትነቀል ደግሞ ከፍ ይላል። ከጠፋ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ዜሮ ወይም ከዜሮ ሽራፊ ካነበበ ካፓሲተሩ ንጹሕ ነው፣ ባልቦላዋ ራሷ ናት የታመመች። አንድ ሁለት ቮልት እንኳ ካለ ካፓሲተሩ ያፈስሳል።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ እሺ ብሉቱዙን ተውኩት። ግን እንዲህ ያለ ሬዲዮ ከኋላው የሸክላ ማጫወቻ መሰኪያ አለው። ሲጠገን ስልክ ሰክተሽ አምባሰል ብትከፍቺላቸው ዜና ያስረሳቸዋል።

ጡረተኛው፦ ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን በጥንቃቄ። በዩ የሚጀምሩት ሬዲዮዎች አብዛኞቹ ትራንስፎርመር የላቸውም፣ ሻሲው ከግድግዳው መብራት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። በዚያ ላይ ስልክ የሰካ ሰው እጁ ላይ 220 ሊያገኝ ይችላል። በኢ የሚጀምሩትም ቢሆኑ አንዳንዶቹ ያላቸው አውቶትራንስፎርመር ነው፣ እሱም ከግድግዳው መብራት አይለያቸውም። ሳይታይ አይሰካም።

የሐይቁ፦ እህቴ፣ እኔ ሐይቅ ነኝ። ኢኤል 84 የለኝም፣ ግን የራሺያዋ 6ፒ14ፒ አንድ አለችኝ። እሷው ናት፣ ስሟ ነው የተለየው። አሜሪካኖቹ ደግሞ 6ቢኪው5 ይሏታል። ገንዘብ አልፈልግም። ነገ ጠዋት ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ልላክልሽ?

የሸዋ በሯ፦ ኧረ የኔ ወንድም፣ እድሜ ይስጥህ! እባክህ ላክልኝ።

ኮምቦልቻ 220፦ እንግዲህ ከተከፈተ አይቀር ኢዜድ 80ንም በኢዜድ 81 ቀይሩት፣ እሷ ጠንካራ ናት።

አንቴናው፦ እግሯ ይገባል። ግን የኢዜድ 80 ክር 0.6 አምፔር ነው የሚጠጣው፣ የ81 ክር 1 አምፔር። ያረጀ ትራንስፎርመር ላይ ምን አስጨነቀህ? የሚሠራን ነገር አትንካ።

የሸዋ በሯ፦ ጋሼ! 2ኛው እግር ላይ 9 ቮልት አነበበ! አጎቴ ሁለቴ ለካው።

ጡረተኛው፦ አገኘሽው። ጠፍቶ፣ ትልቁ ካፓሲተር ባዶ መሆኑ በቴስተር ታይቶ፣ ያንን የሚያፈስሰውን ትንሹን ካፓሲተር ፈትታችሁ ጣሉት። አሮጌው ላይ የተጻፈውን ማይክሮፋራድ እዩ፤ ብዙውን ጊዜ 0.01 ወይም 0.022 ነው። ተመሳሳዩን በ630 ቮልት፣ የፕላስቲክ ፊልሙን ዓይነት ፈልጉ። ፒያሳ አካባቢ ያለ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ከተጣለ ወፍራም ቴሌቪዥን ሰሌዳ ላይ ነቅሎ ይሰጣችኋል። ከተበየደ በኋላ እንደገና ይለካ። ዜሮ ሲሆን ብቻ የሐይቁን ባልቦላ ሰኩ። ቆርቆሮውን መብራት አጥፍታችሁ ጨለማ ውስጥ እዩት፣ ሩብ ሰዓት ሳትነሡ።

የሸዋ በሯ፦ እሺ ጋሼ። አጎቴ ካፓሲተሩን አምጥቶ መበየጃውን ሲያግል መብራት ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ነው።

የሮቢቱ፦ ቆርቆሮውን በጨለማ እዩት አላላችሁም? ይኸው ጨለማው።

ሰኞ ገበያ፦ ኢኤል 84 ተገኘ?

የሐይቁ፦ ባልቦላዋን ዛሬ ጠዋት ለሚኒባሱ ረዳት ሰጥቻለሁ። በጥጥ ጠቅልዬ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አድርጌያታለሁ። ረዳቱ በውስጥ መስመር የላክሽልኝን ስልክ ይዟል። ሲደርስሽ ንገሪኝ።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ አባትሽ ገቡ?

የሐይቁ፦ እህቴ፣ ደረሰሽ ወይ? ጣሳዋንም ስትችዪ መልሺልኝ፣ የእናቴ ናት፣ እየፈለገቻት ነው።