«አቻቸው» ሲባል የማን አቻ?

የሽምብጥ ልጅ፦ ሰላም የቃላት ወዳጆች። ትናንት ከአጎቴ ጋር ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቆሮሶ ጥብስ እየጠበቅን ነበር። ከስልኬ ዜና አነበብኩላቸው። «ኤታማዦር ሹሙ ከመከላከያ ሚኒስትር አቻቸው ጋር መከሩ» ይላል። ኤታማዦር ሹሙ የእኛ ጦር የበላይ መኮንን፣ ሚኒስትሩ ደግሞ የሌላ አገር እንግዳ ናቸው። አጎቴ የድሮ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው፤ መነጽራቸውን አወለቁና «ኤታማዦር ለሚኒስትር እንዴት አቻ ይሆናል?» አሉኝ። ዓሳው ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። ማነው ልክ?

መሪጌታ ዘዜጌ፦ አስቀድሞ ቃሉን እንወቀው። ግዕዙ «ዕሩይ» ነው። ሥላሴን ዕሩያን በመለኮት ስንል እኩል ናቸው ማለታችን ነው። ሚኒስትርና የጦር ሹም ዕሩያን አይደሉም።

አባይ ማዶ፦ መሪጌታ፣ «አቻ» ከ«ቻለ» ነው የመጣው። የሚችልህ፣ የሚቋቋምህ። አቻ ጋብቻ የተባለውም ስለሚቻቻሉ ነው።

የጣና ወፍ፦ ሃሃ፣ ያላገባ ሰው ንግግር!

መሪጌታ ዘዜጌ፦ ቸ የሚባል ፊደል ግዕዝ የለውም። «ቻለ» ራሱ «ክህለ» ነበር፤ ከሃሊ እንል የለም? ከ ነው ወደ ቸ የዞረው።

አባይ ማዶ፦ ከ ወደ ቸ ከዞረማ «አቻ» ከ«አከለ» ነው። የሚያክልህ ሰው። ራስዎ አስረዱልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

መሪጌታ ዘዜጌ፦ እኔ ያልኩት እሱን አይደለም።

ጡረተኛው ሻምበል፦ ልጆች፣ ፊደሉን ተዉትና ማን ለማን ሰላምታ ይሰጣል በሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 ላይ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሲቪል ነው ይላል። አንቀጽ 74 ደግሞ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው ይላል። ኤታማዦር ሹሙ ትከሻው በኮከብ ቢሞላም ከረባት ላሰረው ይታዘዛል። የሚኒስትር አቻ ሚኒስትር ነው። አለቀ።

አባይ ማዶ፦ አላለቀም ሻምበል። ግብፅስ? የእነሱ ሕገ መንግሥት የመከላከያ ሚኒስትሩ ከመኮንኖች መካከል ይሾም፣ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥም እሱ ይሁን ይላል። ዩኒፎርም የለበሰ ሚኒስትር ማለት ነው። እሱ ቢመጣ ከእኛ አቻው የቱ ነው? ከረባቱ ወይስ ኮከቡ?

የሽምብጥ ልጅ፦ እንዴ! ጥያቄዬ እኮ ይሄ ነው!

የጣና ወፍ፦ ቆይ፣ ቆይ። «ኤታማዦር» ራሱ ከየት መጣ? ከግዕዝ ነው እንዳትሉኝ።

መሪጌታ ዘዜጌ፦ ዠም የለንም።

ጡረተኛው ሻምበል፦ ፈረንሳይኛ ነው። ኤታ ማዦር ማለት የጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ነው። «ሹም»ን የጨመርነው እኛ ነን። ስለዚህ ኤታማዦር ሰው አይደለም፣ ቢሮ ነው። ሰውየው «ሹሙ» ነው። አጎትህ «ኤታማዦር ለሚኒስትር» ሲሉ እሳቸውም ስተዋል። ኤምባሲ የሚመደበው መኮንን፣ ወታደራዊ አታሼም ከዚያው ከፈረንሳይኛ ነው። በ1920ዎቹ ክብር ዘበኛን ያሠለጠኑት ቤልጂጎች ነበሩ። የሆለታን ጦር ትምህርት ቤት ስዊድኖች አቋቋሙ። ከዚያ አሜሪካ መጣ፣ ቀጥሎ ሶቪየት። አሠልጣኙ ሲለዋወጥ «ኤታማዦር» ንቅንቅ አላለም።

የጣና ወፍ፦ ሹሙ ግን ይነቀነቃል፣ ሹም ሽር ነዋ። ሳሞራ የኑስ ከ1993 እስከ 2010 ድረስ ቆዩ። 17 ዓመት፣ ልክ የደርግን ዕድሜ! ከዚያ ሰዓረ መኮንን፣ አደም መሐመድ፣ በ2013 ደግሞ ብርሃኑ ጁላ። የጎረቤት አገር አዛዥ ስልኩ ላይ «የኢትዮጵያው አቻዬ» ብሎ መዝግቦ ቢሆን በሦስት ዓመት ስንቴ ይሰርዝ?

ጡረተኛው ሻምበል፦ ሰዓረን ከሹም ሽር አትደምር። ሰኔ 15 ቀን 2011 ነው የተገደሉት። እዚህ ከተማችን ባሕር ዳርም የአማራ ክልል መሪዎች በዚያው ማታ ነው የሞቱት። እሱ ሹም ሽር አይባልም።

የጣና ወፍ፦ ልክ ነዎት። ይቅርታ።

መሪጌታ ዘዜጌ፦ ነፍስ ይማር።

አባይ ማዶ፦ ወደ ቃሉ እንመለስ። ጋዜጠኛው «አቻቸው» ከሚል «እኩያቸው» ቢልስ?

መሪጌታ ዘዜጌ፦ እኩይ በግዕዝ ክፉ ነው። እንግዳ ተቀብለህ «ከክፉው ጋር መከሩ» ልትል ነው?

አባይ ማዶ፦ እኩያ ከእኩል ነው እንጂ ከእኩይ አይደለም! ሕፃን ያውቀዋል።

መሪጌታ ዘዜጌ፦ እኔ ዋሸራ ቅኔ ቤት ቅኔ ስቆጥር አንተ ሀሁ አልጀመርክም።

የሽምብጥ ልጅ፦ አጎቴ አሁን ደወሉ። «ምን ወሰኑ?» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

መሪጌታ ዘዜጌ፦ አጎትህ ቅኔ ተምረዋል?

የሽምብጥ ልጅ፦ አዎ፣ ግን ዋሸራ ሳይሆን ጎንጅ ቅኔ ቤት።

መሪጌታ ዘዜጌ፦ እህ። ጎንጅ ነዋ!