ራሷን የምታቆም መኪና ሐረር ላይ ታዋጣለች?

ከቶሮንቶ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከ17 ዓመት በኋላ ጓዜን ጠቅልዬ ሐረር ልገባ ነው። እናቴ ጀጎል ውስጥ ናት፤ ሥራዬ ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ድሬዳዋ ይሆናል። እዚህ የምነዳት መኪና ራሷን ታቆማለች። ቁልፍ ተጭኜ እጄን ከመሪው አነሳለሁ፣ እሷ ሁለት መኪና መሀል ገብታ ቁጭ ትላለች። እውነቱን ልናገርና፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ በመኪኖች መሀል ፓርክ አድርጌ አላውቅም። ረስቼዋለሁ። ለጠባቡ የሐረር መንገድ እንዲህ ያለችውን ልግዛ ስል ወንድሜ በስልክ ሳቀብኝ። ምን እንዳሳቀው ሊነግረኝ አልፈለገም። እናንተ ታውቃላችሁ?

ከድሬዳዋ፦

እህቴ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። ወንድምሽን ያሳቀው ነገር ገብቶኛል። እኔም በራሴ ስቄያለሁ፤ ከከፈልኩ በኋላ ግን።

ከጀርመን የተመለስኩት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት እንደተከለከለ ሰምተሻል። ስለዚህ ወይ አገር ውስጥ ያለ ያገለገለ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ትገዢያለሽ፣ ወይ በኤሌክትሪክ የምትሄደውን። እኔ ኤሌክትሪኳን መረጥኩ። ሻጩ «ፉል ኦፕሽን ናት፣ ራሷ ታቆማለች» ሲለኝ ልቤ ቀለጠ። ቤት ወስጄ ስከፍታት ስክሪኑ በሙሉ ቻይንኛ ነው። ራሷን የምታቆምበትን ቦታ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ያውም የአክስቴ ልጅ በስልኩ ፎቶ እያነሳ እየተረጎመልኝ። ስለዚህ ገንዘብ ሳትከፍዪ ሻጩን «እስቲ እዚህ መሀል አቁማት» በዪው። ከተንተባተበ ውረጂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፓራውልቱ ላይ የተደረደሩት ክብ ክብ ነገሮች ሴንሰሮች ናቸው። ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ይልካሉ፣ ገጭቶ እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ቶሎ ከተመለሰ ቅርብ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ካልተመለሰ ባዶ ነው። በቆሙት መኪኖች ጎን ቀስ ብለሽ ስታልፊ ክፍተቱን ትለካለች፣ ከራሷ ርዝመት ሌላ አንድ ሜትር ገደማ ትርፍ ካገኘች እሺ ትላለች። ከዚያ መሪውን ራሷ ታዞራለች። በቆዩት ሞዴሎች ፍሬኑና ማርሹ ያንቺ ሥራ ነው፤ በአዲሶቹ ሁሉንም እሷው ትጨርሰዋለች። አዲስ ተአምር እንዳይመስልሽ፣ ቶዮታ ጃፓን ውስጥ ፕሪየስ ላይ ያወጣው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው።

እንግዲህ «ካልተመለሰ ባዶ ነው» የምትለዋን ያዢልኝ።

አንድ ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ አካባቢ ቦታ ስፈልግ አንድ አይሱዙና አንድ ፒክአፕ መሀል ክፍተት አየሁ። መኪናዬም አየችው፣ ለካች፣ ተስማማች። እጄን ከመሪው አንስቼ ደረቴ ላይ አጣጠፍኩ። ፓርኪንግ የሚያሳየው ልጅ ከኋላ «አቦ ቁም! ቁም!» ይላል። እኔ ደግሞ በመስኮት ፈገግ ብዬ እያየሁት ነው፤ ጀርመን የኖረ ሰው አይደለሁ! ስክሪኑ አረንጓዴ ነው። ድንገት ጓ! የቀኝ የኋላ ጎማዬ ክዳኑ የተነሳ የጎርፍ ቦይ ውስጥ ገባ።

ስክሪኑ አሁንም አረንጓዴ ነበር። ቦይ ድምፅ አይመልስማ! ለሴንሰሩ ጉድጓድም ሜዳም አንድ ነው።

ቪትዝ ብትሆን አምስት ስድስት ጎረምሳ «ያ አላህ!» ብሎ ያነሳት ነበር። የኔ ባትሪዋ ብቻውን ስንት ሰው ያህላል፤ ሁለት ቶን ገደማ ናት። ሞክረው ተዉአት። አንዱ ክሪክ አመጣ፣ አንዱ ከሱቁ ጣውላ አወጣ፣ ቡና የምትሸጥ እናት ለኔ በርጩማ አቀረበችልኝ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ድሬ ነዋ፣ ማንም ስንት ትከፍላለህ አላለኝም። ልጁ ብቻ አጠገቤ መጥቶ ምን አለኝ መሰለሽ፦ «እሷን ሰማህ፣ እኔን አልሰማህም።» ቸርኬው ተፋፍቋል፣ የሆድ ሽፋኑ ተቀዷል። ከዚያ ወዲህ ያንን ነገር ተጭኜው አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ሆቴል ግቢ ውስጥ እንግዳ ሲኖር እጫነዋለሁ።

ሌላም ችግር አለ። መስመር ይዘው የቆሙ መኪኖች ካላገኘች ግራ ይገባታል። እዚህ ደግሞ ባጃጅ አፍንጫውን ክፍተቱ ውስጥ ሸጉጦ ነው የሚቆመው። ሦስቴ ተመላልሼ ሳልፍ «ቦታ አልተገኘም» ትለኛለች፣ ከኋላዬ ያለው ክላክስ ልቤን ያወልቀዋል።

ስለ ጀጎል ልንገርሽ፣ አንቺ ብታውቂውም። ግንቡን አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲያሠሩ በልባቸው የነበረው ጠላት እንጂ መኪና አይደለም። ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ በመኪና ትገቢያለሽ። ከዚያ ወዲያ አብዛኛው የእግርና የአህያ መንገድ ነው። ሁለት ሰው ሳይነካካ የማይተላለፍባት፣ የተጣላ ሰው ሳይወድ በግድ ሰላም የሚባባልባት «የዕርቅ መንገድ» የሚሏት ቀጭን መተላለፊያ አለች አይደል? እዚያ ማን መኪና ያቆማል? ሰፈሩ እንዲህ በመሆኑ ነው በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ የተባለው፤ ለኛ ስፖኪዮ ተብሎ አይሰፋም።

ስለዚህ ለሐረር የምትገዢው መጠን ነው። ቢዋይዲ ሲጋል ርዝመቷ 3.78 ሜትር፣ ስፋቷ 1.72 ገደማ ነው። ሁሉም ሰው የሚመኛት ቮልስዋገን አይዲ 4 ደግሞ ርዝመቷ 4.58፣ ስፋቷ 1.85 ነው፣ ያውም ስፖኪዮው ሳይቆጠር። አይዲ 6 አምስት ሜትር ልትሞላ ትንሽ ነው የሚቀራት። 13 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ምንም አይደለም፤ ፈረስ መጋላ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ስትተላለፊ ግን የበርሽ ቀለም ነው።

ከዚያ ስፖኪዮዋ በቁልፍ የሚታጠፍ ትሁን። ከዚያ ዙሪያዋን የሚያሳይ ካሜራ። አራት ካሜራ አጋጥሞ መኪናሽን ከሰገነት ላይ ሆነሽ የምታያት ያስመስልልሻል፣ ቦዩንም በዓይንሽ ታይዋለሽ። ራስ በራስ ከማቆሚያው ይልቅ ለዚህ ብከፍል ይሻለኝ ነበር። በጨርቅ መወልወል ግን አትርሺ፤ የድሬ አቧራ በሁለት ቀን ዓይኗን ይሸፍነዋል።

ከሐረር፦

ሰላም። ሐረር ነዋሪ ነኝ፣ ሾፌር ነኝ። አባቴም በፔጆ 404 ታክሲ ነው ያሳደገን። ያቺ መኪና ፈረንሳይ ውስጥ መመረት ከጀመረች ከ1960 እ.ኤ.አ. አንስቶ ቁጠሪው፤ እዚህ እስካሁን ተጠግና የምትሠራ አለች። አባቴ ግድግዳ አጠገብ ሲያቆም አውራ ጣቱን ብቻ የምታሳልፍ ክፍተት ይተው ነበር። መሪዋ ደግሞ ድንጋይ ነው፣ ጉልበት ይፈልጋል። ምክሩ አንድ ነበር፦ አፍንጫዋን ወደ መውጫው አዙረህ አቁም፣ ስትገባ ካልለፋህ ስትወጣ ትለፋለህ።

በአንድ ነገር ግን ከድሬው ወንድማችን አልስማማም። በቁልፍ ብቻ፣ ሰው ሳይኖርባት ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምትሄድ መኪና አለች፤ አንዳንድ ሃዩንዳይና ኪያ ላይ አይቻለሁ። የግቢያችን በር ጠባብ ነው፣ ገብቼ በሩን ከፍቼ መውረድ አልችልም። ለኔ ቢጤ እሷ ትጠቅማለች። ዝም ብለን ሁሉንም አናጣጥል።

እህቴ፣ የእናትሽ ቤት በየትኛው በር በኩል ነው?

ከቶሮንቶ፦

በኤረር በር በኩል። ወንድሜ የሳቀው ለካ የመኪናው መንገድ በሩ ላይ አልቆ፣ ከዚያ ወዲያ የሰፈራችን መንገድ ለአህያ ብቻ ስለሆነ ነው። ረስቼው! ትንሿን መኪና ልፈልግ። ግን የምፈራው ሌላ ነገር መጣብኝ፦ የደንገጎን ዳገት ትወጣለች? ከሁሉም በላይ ግን ፓርክ ማድረግ እንዴት ነው የምለማመደው?

ከሐረር፦

መኪናሽን ከበሩ ውጪ አቁሚያት። ለሊት ጥበቃ ካለበት ቦታ፣ ከዘበኛው ጋር በወር ተነጋገሪ። ከዚያ በእግር ነው፤ አስቤዛሽን የሚሸከም ልጅ አታጪም።

ከድሬዳዋ፦

ደንገጎን ትወጣለች። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ይጠጋል፤ ስትወጪ ባትሪው ሲያልቅ ታይና ትደነግጫለሽ። አትደንግጪ። ስትመለሺ ቁልቁለቱን ፍሬን ስትይዢ የተወሰነውን ትመልሰዋለች። ብቻ ከድሬ ስትነሺ ሞልተሽ ውጪ።

ለልምምዱ ድሬ ነይ። ከዚራ እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሳይሞቅ፣ ዛፎቹ ሥር ያለው ጎዳና ባዶ ነው። ሁለት ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሞልቼ አመጣለሁ፤ ባዶውን ከሆነ ገና ሳትነኪው ይወድቃል፣ በከንቱ ትደነብሪያለሽ። መጀመሪያ በስድስት ሜትር እናራርቃቸዋለን፣ ከዚያ በአምስት ተኩል። ካሜራውን በጨርቅ ሸፍነን። የቀፊራውንም ልጅ ይዤው እመጣለሁ፤ «ቁም» ሲልሽ ትቆሚያለሽ።