ጥቆማ፦ ብረት የገባበት እግር መግል ያዘ፤ ዶቃው ይሻላል ወይስ ጄሶው?

እህቱ ነኝ፦ ሰላም ቤተሰብ። ወንድሜ ቅልጥሙ ተሰብሮ ብረት ከገባለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ጠባሳው ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ መግል ታወጣለች። ኪኒን ሲውጥ ይደርቃል፣ ሲያቆም ይመለሳል። ሐኪሙ «ተከፍቶ ይጠረግና ክፍተቱ አንቲባዮቲክ ባለው ነገር ይሞላል» አለን። አንዱ ከአጥንት ሲሚንቶ የሚሠራ ዶቃ ነው። ሌላው እንደ ጄሶ ያለ፣ ሟሙቶ የሚጠፋ ነው፤ እሱን ግን ከውጭ አስመጡ ተባልን። ያሠራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የፒያሳ ልጅ፦ መድኃኒት ከሆነ የእኛ ሰፈር ፋርማሲ ነው። ሰውየው ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ያውቀናል። የሌለውን ያስመጣል።

ሦስቴ የተከፈትኩ፦ እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ፣ ሆስፒታሉን አልጠራም። ዶቃ ሲገባልኝ በስድስት ሳምንት ይወጣል ተባልኩ። ቀጠሮው ሲገፋ ሲገፋ ስምንት ወር ሆነ። ሊያወጡት ሲገቡ ሥጋ ውጦታል፣ ሽቦውም ተበጠሰ። ዶቃ የሚባል ነገር አታስነኪው!

ማሚ ቦሌ፦ ቀጠሮ ስትል አስታወስከኝ። የአክስቴ ዳሌ አራት ጊዜ ተራዘመ።

የፒያሳ ልጅ፦ የእኛ ፋርማሲ እንዲህ አያደርግም።

ጎንደሬው፦ ብረቱን አስወጥታችሁ ጥሩ ወጌሻ ጋ ውሰዱት።

ማሚ ቦሌ፦ ወጌሻው አጥንት ውስጥ ያለ መግል በቅቤ ያሻል?

ሲስተር ኦርቶ፦ እባካችሁ ተረጋጉ፣ ልጅቷ ጨንቋታል። እህቴ፣ እኔ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው የምሠራው። ዶቃውን ስንሠራ ቫንኮማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ዱቄት ከሲሚንቶ ጋር እናቦካለን። ሳይጠነክር በጣት ድብልብል እያደረግን ሽቦ ላይ እንሰካዋለን። እጅ ላይ እያለ ይግላል፤ ስለዚህ ሙቀት የሚችል መድኃኒት ብቻ ነው የሚገባው። ዋጋው ይቀላል፣ ግን አይሟሟም። ሦስቴ የተከፈተው ወንድማችን የተጎዳው እዚህ ጋ ነው።

ጄሶው ካልሲየም ሰልፌት ነው። በሳምንታት ውስጥ ስለሚሟሟ ለማውጣት ተብሎ አይከፈትም። ሲሟሟ ግን ከቁስሉ ነጭ ፈሳሽ ሊወጣ ይችላል። ሰው መግሉ ተመለሰ ብሎ ይደነግጣል፤ ያኔ ሐኪሙ ይየው። ብቻውን ሲሆን ደግሞ አጥንቱ ሳይተካ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ሴራመንት ጂ የሚባለው ከጄሶው ጋር ተደባልቆ የሚሠራ መሙያ 40 በመቶው ቀስ ብሎ የሚሄድ ሃይድሮክሲአፓታይት (የአጥንት ማዕድን) የሆነው ለዚህ ነው። በሚሊ ሊትር 17.5 ሚሊ ግራም ጀንታማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ አለው። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2022 ፈቅዳዋለች።

ግን ስሚኝ፣ የቱም ቢሞላ የሞተ አጥንት ተጠርጎ ካላለቀ ከንቱ ነው። ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ይደበቃል፤ በኪኒን ደርቆ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ስብራቱ ገጥሟል ወይ? ከገጠመ ብረቱ ሊወጣ ይችላል። ካልቸር፣ ማለትም ተህዋሱን ለይቶ የሚያሳየው ምርመራ፣ ከአጥንቱ ይወሰዳል ወይ? ከቀዳዳዋ ጠርገው የሚወስዱት ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ጀንታማይሲን የማይገድለው ተህዋስ ከሆነ ያ ሁሉ ዶላር የት ሊደርስ ነው?

ሦስቴ የተከፈትኩ፦ ሲስተር፣ ይህንን ያኔ የነገረኝ ቢኖር።

እህቱ ነኝ፦ ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካልቸር የተወሰደለት ከቀዳዳዋ ነው። ማክሰኞ ቀጠሮ አለን፣ ጽፌ ይዤዋለሁ።

ማሚ ቦሌ፦ እህቴ፣ ምን ወሰናችሁ? ሁለት ሳምንት ሆነ።

የፒያሳ ልጅ፦ ፋርማሲው እሁድም ክፍት ነው።