ሃይሉክስ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ከሥር «ዷ» ይላል፤ የካምቢዮ ጎሚኒ ነው ወይስ ክሮቸራ?

ባለ ደብል ካፕ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ሃይሉክስ ደብል ካፕ ነው፤ ባለ 5ኤል ናፍጣ ሞተር፣ በእጅ ማርሽ፣ ፎር ዊል። በአንደኛም በኋላ ማርሽም ፍሪሲዮን መልቀቅ ስጀምር ከወለሉ ሥር አንዴ «ዷ» ይላል። እየሄድኩ እግሬን ከነዳጅ ላይ አንስቼ መልሼ ስረግጥ ደግሞ የማርሽ እጀታው ሁለት ጣት ያህል ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። አንድ መካኒክ ክሮቸራ (ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው መታጠፊያ) ቀይር አለኝ። ሌላው የካምቢዮው ጎሚኒ (ካምቢዮው የሚያርፍበት ጎማ) አልቋል፣ የጎማ ቁራጭ ጠቅጥቀን እናስተካክለዋለን አለ። የቱ እንደሆነ በምን ልለይ? ጎሚኒው ከሆነ ካምቢዮ ማውረድ ይጠይቃል?

ቡሶላ 14

የእጀታው ነገር ብዙ ይናገራል። ክሮቸራ ሲያልቅ ድምፅ ያወጣል እንጂ እጀታ አያንቀሳቅስም። እጀታው ካምቢዮው ላይ የተተከለ ስለሆነ እሱ ከሄደ ካምቢዮው ራሱ እየሄደ ነው። ቢሆንም ሳትፈትሽ ምንም አትግዛ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ያለቁበት መኪና ብዙ ነው።

መጀመሪያ ክሮቸራውን ጨርስ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመህ ጎማዎቹን ታኮ አድርግ፣ ማርሹን ባዶ ላይ አድርገህ ሥር ግባ። ትራስሚሲዮኑን (ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ) በሁለት እጅ ጨብጠህ ግራና ቀኝ ጠምዝዘው፣ ወደ ላይና ወደ ታችም ግፋው። ክሮቸራው ጫፎች ላይ ልቅነት ካየህ ወይም ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ አልቋል። ከዲፈረንሻሉ ጥርስ የሚመጣ ትንሽ መፈናፈን ግን ያለ ነው፣ አትደንግጥ።

ጎሚኒው ከካምቢዮው ጅራት ሥር፣ አግዳሚው ብረት ላይ ታገኘዋለህ፤ ሁለት ብረት፣ በመሃላቸው የተጣበቀ ጎማ ነው። ሻጮች ማውንት ቢሉህ ያው እሱ ነው። ጥሩ መብራት ይዘህ ጎማው ብረቱን የነከሰበትን መስመር ዙሪያውን እይ። የላይ ላይ ስንጥቅ ብቻውን ለመቀየር አያበቃም፤ ጎማ ሲያረጅ ቆዳው ይሰነጠቃል። ችግሩ የተላቀቀ ጎማ ነው። የካምቢዮው ክብደት ተጭኖት ስለሚውል መላቀቁ እንዲሁ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ረጅም ሌቫ በአግዳሚው ብረትና በካምቢዮው መሃል አስገብተህ ካምቢዮውን ወደ ላይ ሞክረው። ጤነኛው ጥቂት ሚሊሜትር ተለጥጦ ይመለሳል። የተላቀቀው እንደ አፍ ይከፈትና በወዲያ በኩል ያለውን ብርሃን ያሳይሃል።

እዚያው እያለህ የሞተሩን ግራና ቀኝ ጎሚኒዎችም ተመልከት። የኋላው ሲለቅ ጭነቱን እነሱ ይቀበሉታል።

የናፍጣ ሞተር

ካምቢዮ ማውረድ የለም። ጥንቃቄ የሚፈልግ ግን ቀላል ሥራ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ግማሽ ቀን ያዝለት። ሁለት ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ የመኪና ማቆሚያ፣ 12፣ 14 እና 17 ቡሶላ ከማራዘሚያ ጋር፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የዝገት ማላቀቂያና አንድ ወፍራም ጣውላ ይበቃሃል። ማላቀቂያውን ከዋዜማው ማታ ቡሎኖቹ ላይ ርጭ።

መኪናውን ሻንሲው ላይ በማቆሚያ አሳርፈው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አትግባ። ሁለተኛውን ክሪክ ጣውላ አልብሰህ ከካምቢዮው አካል ሥር አስገባ። በምንም ዓይነት የሞተሩ ዘይት ኮፓ ሥር አይሁን፣ ይጨረመታል። ክሪኩን ከፍ የምታደርገው ክብደቱ ከጎሚኒው ላይ እስኪነሳ ብቻ ነው። የተጨመቀው ጎማ ሲፍታታ ታየዋለህ፣ እዚያ ላይ አቁም።

ከዚያ ጎሚኒውን ከአግዳሚው ብረት የሚይዙትን ቡሎኖች ፍታ፣ ቀጥሎ ከካምቢዮው ጋር የሚይዙትን። ካምቢዮውን ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር አንሳና ጎሚኒው በጎን ይወጣ እንደሆነ ሞክር። ካልወጣ አግዳሚው ብረት ከሻንሲው ይፈታል፤ ሳታወርደው የፊቱን ጎን በቀለም ምልክት አድርግበት፣ ተገልብጦ ሲገባ ቀዳዳው አይገጥምም። ፊት ለፊት ቶርሲዮን ባር (እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) ያለው መኪና ከሆነ የምትፈታው ብረት የባሩ ጫፍ የሚያርፍበት አለመሆኑን አረጋግጥ። የባሩን ማስተካከያ ቡሎን አትንካው፤ ከፍተኛ ኃይል ታምቆበታል።

ብዙ ሰው የሚስተው ሞተሩንና ካምቢዮውን ነጣጥሎ ማሰቡ ነው። አንድ አካል ናቸው፤ የካምቢዮው ጅራት ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የሞተሩ ፊት በተቃራኒው ይሄዳል። ኮፈኑን ክፈትና አንድ ሰው ቬንቲላተሩና መከለያው መሃል ያለውን ክፍተት፣ የራዲያተሩንም ጎማዎች ይጠብቅልህ። ጅራቱ እንዲንጠለጠል ከለቀቅከው የቬንቲላተሩ ምላስ መከለያውን ይነካል፤ ሞተሩን ስታስነሳ ይሰበራል።

አዲሱን ከመግጠምህ በፊት ከአሮጌው ጎን አስቀምጠህ የቀዳዳዎቹን ርቀትና ቁመቱን አነጻጽር። አሮጌው ስለተጨመቀ ትንሽ ማጠሩ ያለ ነው። ልዩነቱ በጣም ከሰፋ ግን የሌላ ሞዴል ነው፤ የትራስሚሲዮኑን አቅጣጫ ያዛባና በፍጥነት መንቀጥቀጥ ያመጣብሃል።

ሲገጠም ሁሉም ቡሎን በእጅ ይጀመር። መጀመሪያ የካምቢዮውን፣ ቀጥሎ የሻንሲውን አጥብቅ። ከዚያ ክሪኩን አውርደህ ክብደቱ ሙሉ በሙሉ ሲያርፍ ካምቢዮውን በእጅህ ወዝወዝ አድርገውና ጎሚኒውን ከአግዳሚው ብረት ጋር የሚይዙትን በመጨረሻ አጥብቅ። ይህን ቅደም ተከተል ከዘለልክ ጎማው ተጠማዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይላቀቃል። የመኪናህ ማኑዋል የሚለው ቁጥር ይቀድማል፤ ከሌለህ፣ 8.8 (የጥንካሬ ደረጃ) ለተጻፈበት ደረቅ ቡሎን ባለ 12 ራሱ (በ12 ቡሶላ የሚፈታው) ወደ 25 ኒውተን ሜትር፣ ባለ 14 ራሱ ከ45 እስከ 50፣ ባለ 17 ራሱ ወደ 80 ይወስዳል። 500 ኪሎሜትር ያህል ከሄድክ በኋላ ደግመህ ፈትሽ።

ባለ ደብል ካፕ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሌቫ ስሞክረው እንዳላችሁት ተከፈተ። ጎማው ለስልሶ እንደ ስፖንጅ ሆኗል፣ ዘይትም አለበት። አዲስ እስካገኝ የጎማ ቁራጭ ቢጠቀጠቅበትስ? ደግሞ ከካምቢዮው ቡሎኖች አንዱ ስለተበላ ከብረታ ብረት ሱቅ ሌላ ገዛሁ። ለሙከራ ሳስገባው ሦስት ዙር ሄዶ ጠጠረብኝ።

ጥርስ ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ቡሎኑን አቁም! አንድ ዙር እንኳ አትጨምርበት፣ ቀስ ብለህ መልሰህ አውጣው።

ቶዮታ ባለ 14 ራስ ቡሎኖቹን የሚሠራው በአብዛኛው በ1.25 ጥርስ (ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊሜትር) ነው። ተራ ሱቅ የሚሸጠው ኤም 10 (ባለ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ቡሎን) ግን 1.5 ነው። ውፍረታቸው አንድ ስለሆነ ሁለት ሦስት ዙር ይገባል፣ ከዚያ የካምቢዮውን አሉሚኒየም እየላጠ ይሄዳል። ለመለየት አሮጌውንና አዲሱን ጥርስ ለጥርስ አገጣጥመህ ወደ ብርሃን አንሳ፤ ብርሃን ካሳለፈ አይገናኙም። በማስመሪያም ይሆናል፤ 1.25ቱ በ10 ሚሊሜትር ውስጥ 8 ጥርስ አለው።

የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ብቻ ከተጎዱ በ10 በ1.25 ማሾ (የቀዳዳ ጥርስ ማውጫ) ቀጥ አድርጎ ማጽዳት ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ከተላጠ ሄሊኮይል (የሽቦ ጥርስ) ይግባበት። መሰርሰሪያው ላይ የቀዳዳውን ጥልቀት በፕላስተር ምልክት አድርግ፤ ካለፍክ ብናኙ ካምቢዮው ውስጥ ይገባል። ወፍራም ቡሎን ለማስገባት ቀዳዳውን ማስፋት አይሆንም፣ በጎሚኒው ቀዳዳ አያልፍም።

የጎማ ቁራጩን ተው። ጎሚኒው የሚሠራው ከሁለቱም ብረት ጋር ስለተጣበቀ ነው፤ ሲጫንም ሲጎተትም ይይዛል። የተጠቀጠቀ ቁራጭ ሲጫን ብቻ ነው የሚደግፈው፣ ካምቢዮው ሲነሳ ባዶ ነው። «ዷ» የሚለው ድምፅ በመንቀጥቀጥ ተተክቶ ወለሉ ድረስ ይመጣብሃል። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ ጎማውን በአውራ ጣትህ ተጫነው። የለሰለሰና ዘይት ዘይት የሚሸት ከሆነ ኦሪጅናል ነው ቢሉህም አትውሰደው። መጋጠሚያው ንጹሕ የሆነ አዲስ ኮፒ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ግን ዘይቱ ከየት እንደመጣ ካላወቅክ አዲሱም እንደዚሁ ይለሰልሳል። ካምቢዮውን ከውጭ በሳሙና ውሃ አጽድተህ አድርቅ፣ አንድ ቀን ንዳ፣ ጠዋት እርጥበቱ ከላይ የጀመረበትን ቦታ ፈልግ። ተጠርጣሪው በትራስሚሲዮኑ መውጫ ላይ ያለው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት) ነው። የካምቢዮውን ዘይትም መሙያ ቡሎኑን ከፍተህ እይ፤ መኪናው ደልዳላ ላይ ሆኖ እስከ ቀዳዳው ታችኛ ጠርዝ መድረስ አለበት።

ፍሳሽ ካላገኘህ እጥበቱን ጠይቅ። ሥሩን ናፍጣ እያስረጨህ የምታሳጥብ ከሆነ ጎማውን ያለሰለሰው እሱ ነው። የባልስትራውን ጎሚኒዎችም በዚሁ አጋጣሚ ተመልከታቸው፤ ናፍጣው እነሱም ላይ ነው ሲረጭ የኖረው።